ያልታመነ አድራሻ በከርነል ደጃፍ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጠቃሚን ሜሞሪ ሳይወድቅ የሚነካበት ዘዴ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም ፋይል ለማንበብ፣ በስክሪን ላይ ለመጻፍ ወይም በኔትወርክ መልእክት ለመላክ ሲፈልግ ሥራውን በቀጥታ ራሱ አይሠራውም። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነልን፣ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ፕሮግራም ከፋይል ላይ 6000 ባይት ማንበብ ቢሻ ለከርነሉ ሦስት ነገሮችን ያቀብላል፤ እነዚህም የፋይሉ መለያ ቁጥር፣ የተነበበው መረጃ የሚቀመጥበት የሜሞሪ አድራሻ እና የባይቱ ብዛት ናቸው።

ከሦስቱ መካከል ለከርነሉ እጅግ አደገኛ የሆነው አድራሻው ነው። አድራሻ ቁጥር ነው፤ ቁጥርን ደግሞ ማንም ሰው እንደፈለገው ሊጽፈው ይችላል። ጀማሪ ፕሮግራመር በስሕተት ዜሮን ሊያቀብል ይችላል። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ የከርነሉ የራሱ ንብረት የሆነን አድራሻ ሆን ብሎ ሊያቀብል ይችላል። ከርነሉ የመጀመሪያውን አድራሻ ሲነካ ቢወድቅ ኮምፒውተሩን የሚጋሩት ተጠቃሚዎች ሁሉ አብረውት ይወድቃሉ። ሁለተኛውን ሳያጣራ ቢቀበል ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ለሌባ አስረከበ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከርነል የማያምነውን አድራሻ ሳይወድቅም ሳይታለልም እንዴት እንደሚነካ የሊኑክስን ከርነል በምሳሌነት ወስደን እንመለከታለን። ሊኑክስን የመረጥነው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ አንባቢ ያልነውን ሁሉ ራሱ ገልጦ ሊያረጋግጥ ስለሚችል ነው።

1. ገጽ፣ ክልልና ፔጅ ፎልት

ዋናውን ጉዳይ ከመጀመራችን በፊት ሦስት መሠረታዊ ሐሳቦችን እናስታውስ።

አንደኛው ገጽ ነው። ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት አድራሻ የእውነተኛው ሜሞሪ አድራሻ ሳይሆን ቨርቹዋል አድራሻ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን አድራሻ በገጽ ሠንጠረዥ አማካይነት ወደ እውነተኛው አድራሻ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ የሚከናወነው በገጽ በገጽ ሲሆን በኢንቴልና በኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ላይ የተለመደው ገጽ 4096 ባይት ይይዛል።

ሁለተኛው የክልል ክፍፍል ነው። ባለ 64 ቢት የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ባለ አራት ደረጃ የገጽ ሠንጠረዥ ሲጠቀም፣ ከአድራሻዎች ሁሉ ዝቅተኛው 128 ቴራባይት ለተጠቃሚው ፕሮግራም የተመደበ ነው። ከላይ ያለው ክፍል ግን የከርነሉ ነው። ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ክልል ለመንካት ቢሞክር ፕሮሰሰሩ ይከለክለዋል። ከርነሉ ግን ባለ ሙሉ ሥልጣን ስለሆነ የራሱንም የተጠቃሚውንም ክልል መንካት ይችላል። ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ሥልጣን ነው።

ሦስተኛው ፔጅ ፎልት ነው። ፕሮሰሰሩ አንድን አድራሻ መተርጎም ሲያቅተው ወይም የተከለከለ ሆኖ ሲያገኘው ሥራውን አቋርጦ ከርነሉን ይጠራል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ጥሪ ቁጥሩ 14 ሲሆን፣ ያስቸገረው አድራሻ ሲ.አር.2 በተባለ ሬጅስተር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

እዚህ ላይ ፔጅ ፎልት ሁሉ ጥፋት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገጹ ለፕሮግራሙ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ ሆኖ ለጊዜው በዲስክ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ከርነሉ ገጹን አምጥቶ የተቋረጠው ትእዛዝ እንደገና እንዲሠራ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ገጹ ጨርሶ ያልተሰጠ ከሆነና ጥፋቱን የፈጸመው ተራ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሴግሜንቴሽን ፎልት ይከተላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፕሮግራሙ ይቋረጣል። ያልተሰጠን ገጽ የነካው ከርነሉ ራሱ ሲሆንስ? በመርህ ደረጃ ይህ የከርነሉ የራሱ ስሕተት ምልክት ነው። ሊኑክስም ኡፕስ የተባለውን የአደጋ መግለጫ አትሞ በመሥራት ላይ የነበረውን ፕሮሰስ ይገድላል፤ አንዳንድ ጊዜም ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ከርነሉ የነካው አድራሻ ተጠቃሚው ያቀበለው ከሆነ ስሕተቱ የከርነሉ አይደለም። ስለዚህ ከርነሉ ይህን ለይቶ ማወቅ፣ ሳይወድቅ ወደ ኋላ መመለስ እና ለፕሮግራሙ «አድራሻህ የተበላሸ ነው» ብሎ መንገር አለበት። ይህ መልስ በሊኑክስ ኢፎልት ይባላል፤ ቁጥሩም እንደ አጋጣሚ 14 ነው።

2. ሁለቱ ጥያቄዎች

ጉዳዩን ለማብራራት መጻሕፍቱ ከጠረጴዛ ጀርባ የሚገኙበትን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ክፍል እናስብ። አንባቢው ወደ መደርደሪያው አይገባም፤ የመደርደሪያውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ወረቀቱን ሲቀበል ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ይህ ቁጥር ለአንባቢ ከተፈቀዱት መደርደሪያዎች ውስጥ ነው ወይስ የፈተና ወረቀት የሚቆለፍበት ቁም ሣጥን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «መጽሐፉ በቦታው አለ?» የሚል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች በባሕርያቸው ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ከጠረጴዛ ሳይነሡ ቁጥሩን ብቻ በማየት መመለስ ይቻላል፤ መልሱም በየደቂቃው አይለዋወጥም። ሁለተኛው ግን ሄዶ ማየትን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ሠራተኛው አንድ ጊዜ አይቶ ተመልሶ ሊያመጣ ሁለተኛ ሲሄድ፣ በመካከሉ መጽሐፉን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

ከርነሉም የሚጋፈጠው እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛው «አድራሻው በተጠቃሚው ክልል ውስጥ ነው?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «በአድራሻው ላይ ገጽ አለ?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም የመጀመሪያውን ሁልጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ አስቀድሞ አለመጠየቅ ነው የሚል ነው።

3. የቀድሞው ዘዴና ጉድለቶቹ

የቀድሞዎቹ የሊኑክስ እትሞች ሁለቱንም ጥያቄዎች አስቀድመው ይጠይቁ ነበር። ቬሪፋይ ኤሪያ የተባለው ፋንክሽን ተጠቃሚው ያቀበለው አድራሻ በሕጋዊ መንገድ በተሰጠ ቦታ ውስጥ መሆኑን የሜሞሪውን መዝገብ በማገላበጥ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ከርነሉ መረጃውን ይቀዳል። ዘዴው ለመረዳት ቀላል ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት።

ሀ) ዋጋው ውድ ነበር። ከመቶ ጥሪዎች ዘጠና ዘጠኙ ትክክለኛ አድራሻ ይዘው ቢመጡም እንኳ ለአንዱ ሲባል ሁሉም ፍተሻውን ይከፍላሉ።

ለ) በፍተሻውና በአጠቃቀሙ መካከል ክፍተት ነበር። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠራ ሌላ የሥራ ክር፣ ከርነሉ ፍተሻውን በጨረሰበትና መቅዳት ባልጀመረበት ቅጽበት ገጹን ሊያስነሣው ይችላል። ያን ጊዜ «አለ» የተባለው ገጽ የለም፤ ፍተሻውም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

በዚያን ዘመን አስቀድሞ መፈተሽን ያስገደደ የሃርድዌር ምክንያትም ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቀው 80386 ፕሮሰሰር፣ ከርነሉ በሙሉ ሥልጣን ሲሠራ ለንባብ ብቻ በተፈቀደ ገጽ ላይ ቢጽፍ አይከለክለውም ነበር። ፕሮሰሰሩ ዝም የሚል ከሆነ ሶፍትዌሩ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው 80486 ታረመ። ሊኑክስ ለ80386 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ያቋረጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 3.8 እትም ነው።

4. የመመለሻው ሠንጠረዥ

በሊኑክስ 2.1 የሙከራ እትሞች ውስጥ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1999 በወጣው 2.2 እትም አማካይነት ለሰፊው ተጠቃሚ የደረሰው ዘዴ አስተሳሰቡን ገለበጠው። ከርነሉ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቁን ተወ። በቀጥታ ይነካል፤ ገጹ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይናገራል። ለዚህ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ የመመለሻ መንገድ ያስፈልጋል። ይህም መንገድ ኤክሴፕሽን ቴብል ይባላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በከርነሉ ውስጥ የተጠቃሚን ሜሞሪ እንዲነኩ የተፈቀደላቸው ትእዛዞች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የከርነሉ ፕሮግራም ሲዘጋጅ የእያንዳንዱ ትእዛዝ አድራሻ በሠንጠረዡ ውስጥ ይመዘገባል፤ ከጎኑም «እዚህ ላይ ብትሰናከል ወደዚህ ሂድ» የሚል ሁለተኛ አድራሻ ይጻፋል። ከርነሉ ሥራ ላይ ሳለ ፔጅ ፎልት ሲያጋጥም የሚከተሉት ደረጃዎች ይከናወናሉ።

አንደኛ፣ ከርነሉ ገጹ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ መሆኑን ያያል። ከሆነ ገጹን ያመጣና የተቋረጠው ትእዛዝ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ገጹ ያልተሰጠ ከሆነ ከርነሉ የተሰናከለውን ትእዛዝ አድራሻ በሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል። ሠንጠረዡ በቅደም ተከተል የተደረደረ ስለሆነ ፍለጋው በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ የሚከናወን ነው፤ ለአንድ ሺህ ያህል መዝገብ አሥር ገደማ ንጽጽር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ትእዛዙ በሠንጠረዡ ውስጥ ከተገኘ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን የትእዛዝ ጠቋሚ ከጎኑ ወደተጻፈው አድራሻ ያዞረዋል። በዚያም የስሕተት መልስ የሚያዘጋጁ ጥቂት ትእዛዞች ይጠብቁታል።

አራተኛ፣ ትእዛዙ በሠንጠረዡ ውስጥ ካልተገኘ ስሕተቱ የከርነሉ የራሱ ነው፤ ኡፕስ ይከተላል። ይህ ደረጃ የጭካኔ ሊመስል ቢችልም አስፈላጊ ነው። ማንኛውንም ስንክልና በዝምታ የሚያልፍ ከርነል የተበላሸ መረጃ ይዞ ይቀጥላልና።

የዘዴው ትልቅ ጥቅም አድራሻው ትክክል በሆነበት ጊዜ ስለ ገጹ መኖር የሚከፈል ምንም ተጨማሪ ዋጋ አለመኖሩ ነው። በፍተሻና በአጠቃቀም መካከል የነበረው ክፍተትም ጠፍቷል፤ ምክንያቱም ፍተሻውና አጠቃቀሙ አንድ ትእዛዝ ሆነዋል።

5. በቁጥር የተደገፈ ምሳሌ

አንድ የመሣሪያ ድራይቨር ኮፒ ፍሮም ዩዘር በተባለው ፋንክሽን አማካይነት ከተጠቃሚው 6000 ባይት ሊቀዳ ነው እንበል። ያቀበለው መነሻ አድራሻ 409,599,000 ነው። 4096 በ100,000 ሲባዛ 409,600,000 ስለሚሆን አዲስ ገጽ የሚጀምረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ የሚቀዳው የመጨረሻው 1000 ባይት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ በሜሞሪ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛው በዲስክ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ግን ለፕሮግራሙ ፈጽሞ አልተሰጠም።

ፋንክሽኑ በመጀመሪያ የክልሉን ጥያቄ ይጠይቃል፤ መነሻውም መድረሻውም በተጠቃሚው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ያልፋል። ቀጥሎ 1000 ባይት ያለ ችግር ይቀዳል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ፔጅ ፎልት ይነሣል፤ ከርነሉ ገጹን ከዲስክ ያመጣና 4096 ባይት ይቀዳል። በሦስተኛው ገጽ ላይ እንደገና ፔጅ ፎልት ይነሣል፤ አሁን ግን የሚመጣ ገጽ የለም። ከርነሉ ሠንጠረዡን ይመለከታል፤ ትእዛዙን ያገኘዋል፤ ወደ መመለሻው ይዘልላል።

የተቀዳው 1000 ሲደመር 4096፣ ማለትም 5096 ባይት ነው። ፋንክሽኑም ያልተቀዳውን ብዛት፣ ይኸውም 904ን፣ ይመልሳል። በተጨማሪም በከርነሉ በኩል ያለውን የቀረውን 904 ባይት ቦታ በዜሮ ይሞላዋል፤ ይህም በቦታው የነበረ አሮጌ መረጃ እንደ አዲስ ተቆጥሮ እንዳይወጣ ነው። ድራይቨሩ ዜሮ ያልሆነ መልስ ሲያይ ለፕሮግራሙ ኢፎልት ይመልሳል። ኮምፒውተሩ አልወደቀም፤ ስሕተቱም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

6. የመጀመሪያው ጥያቄ ሲዘነጋ

አንባቢ «ሠንጠረዡ ካለ የክልሉ ጥያቄ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ የሚከተለው ነው። ሠንጠረዡ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ሲሰናከል ብቻ ነው። ተጠቃሚው የከርነሉን የራሱን አድራሻ ቢያቀብል ግን ከርነሉ ሲነካው አይሰናከልም፤ የራሱ ቤት ነውና በሩ ክፍት ነው። ፔጅ ፎልት የለም፤ ኡፕስም የለም። አደጋው ያለ ድምፅ ያልፋል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ቪኤምስፕላይስ በተባለው ሲስተም ኮል ውስጥ ተጠቃሚው ያቀበለው ጠቋሚ በሚገባ ሳይጣራ ጥቅም ላይ እንደሚውል ታወቀ። ጉድለቱ ከ2.6.17 እስከ 2.6.24.1 ባሉት እትሞች ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ላይ ተራ መግቢያ ያለው ማንኛውም ሰው የሩት፣ ማለትም የሥርዓቱ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ ሥልጣን እንዲጨብጥ ያስችል ነበር። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ሰርቨር ላይ በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ጉድለቱ በ2.6.24.2 እትም ታረመ።

7. ሁለተኛው መቀርቀሪያና ያስከተለው ትምህርት

የፕሮሰሰር አምራቾችም የበኩላቸውን አደረጉ። ስማፕ የተባለው የኢንቴል ዘዴ ከርነሉ የተጠቃሚን ገጽ እንዳይነካ በመደበኛነት ይከለክላል፤ ከርነሉ መንካት ሲፈልግ በሩን በአንድ ትእዛዝ ከፍቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ በሌላ ትእዛዝ ይዘጋዋል። ሊኑክስ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 በወጣው 3.7 እትም መደገፍ ጀመረ፤ ብሮድዌል የተባሉት ዘዴውን የያዙ ፕሮሰሰሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረቡ። በአርም ፕሮሰሰሮችም ፓን የተባለ ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ትክክለኛውን ፋንክሽን ትቶ የተጠቃሚን ጠቋሚ በቀጥታ የሚጠቀም ኮድ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ሆኖም በሩን በየጊዜው መክፈትና መዝጋት ጊዜ ይወስዳል። ስለሆነም በሩን አንዴ ከፍተው ብዙ ነገር የሚያመላልሱ ፈጣን ፋንክሽኖች ተዘጋጁ። እነዚህ ፋንክሽኖች የክልሉን ጥያቄ ራሳቸው አይጠይቁም፤ ጠሪው አስቀድሞ እንደጠየቀ ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በወጣው 4.13 እትም ዌይትአይዲ የተባለው ሲስተም ኮል እነዚህን ፋንክሽኖች እንዲጠቀም ተደረገ፤ የክልሉ ጥያቄ ግን ተረሳ። ተጠቃሚው የከርነልን አድራሻ ቢያቀብል ከርነሉ በራሱ ሜሞሪ ላይ ይጽፍ ነበር። ስማፕም ይህን አያስቆምም፤ እርሱ የሚጠብቀው የተጠቃሚን ገጽ ከመንካት እንጂ ከርነሉ የራሱን ከመንካት አይደለምና። ጉድለቱ በቀጣዩ ወር ታረመ።

ትልቁ እርማት የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ከወጣው 5.0 እትም ጀምሮ በሩን የሚከፍተው ፋንክሽን ራሱ የክልሉን ጥያቄ እንዲጠይቅ ተደረገ። ሳይጠይቁ መክፈት በዚህ መንገድ የማይቻል ሆነ። የሰው ልጅ ይረሳል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ከሰው ማስታወሻ ወደ በሩ መቀርቀሪያ ማዛወር ይመረጣል።

8. ለተማሪው የሚሆኑ ደንቦች

የከርነል ኮድ ወይም ድራይቨር ለመጻፍ ለሚነሣ ተማሪ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ) ተጠቃሚው ያቀበለውን ጠቋሚ በቀጥታ አለመጠቀም፤ ሁልጊዜ ለዚሁ በተዘጋጁት ፋንክሽኖች መገልገል።

2ኛ) የፋንክሽኑን መልስ መመልከት። ኮፒ ፍሮም ዩዘር የሚመልሰው ያልተቀዳውን ባይት ብዛት እንጂ የስሕተት ቁጥር አለመሆኑን ማስታወስ።

3ኛ) አንድን መረጃ አንድ ጊዜ ብቻ መቅዳት። ርዝመቱን ከተጠቃሚው ሜሞሪ አንብቦ ካጣሩ በኋላ ያንኑ ርዝመት ዳግመኛ ከዚያው ማንበብ አደገኛ ነው፤ በመካከሉ ሊለወጥ ይችላልና። ያጣሩትን ቅጂ ራሱን መጠቀም ይገባል።

4ኛ) ስፒንሎክ የተባለውን ቁልፍ ይዞ እነዚህን ተራ የቅጂ ፋንክሽኖች አለመጥራት። ገጹ ከዲስክ እስኪመጣ ፕሮሰሱ ሊተኛ ይችላል፤ ስፒንሎክ የያዘ ደግሞ መተኛት የለበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ደኅንነቱ የተጠበቀ ከርነል ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ከርነል አይደለም። ተጠቃሚው ያቀበለው አድራሻ ላይ ገጽ ይኑር አይኑር አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ቢያውቅም እውቀቱ በቅጽበት ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ይህን ለፕሮሰሰሩ ትቶ የመመለሻ መንገዱን ያዘጋጃል። አድራሻው የማን ክልል እንደሆነ ግን ፕሮሰሰሩ ስለማይነግረው ራሱ ሳይጠይቅ አንዲት እርምጃ መራመድ የለበትም። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ በሌሎች መስኮችም፣ ለምሳሌ በዳታቤዝና በኔትወርክ ፕሮግራም ዝግጅት፣ የዚህን ልዩነት ጥቅም ደጋግሞ ያገኘዋል።

መልመጃ

ሀ) በክፍል 5 ምሳሌ መነሻው 409,599,900 ቢሆን ኖሮ ስንት ባይት ሳይቀዳ ይቀር ነበር?

ለ) የክልሉ ጥያቄ የመነሻውን አድራሻ ብቻ ቢመለከት ምን አደጋ ይከተላል? መነሻውና ርዝመቱ ተደምረው ከ64 ቢት ቢያልፉስ?

ሐ) ሠንጠረዡ 4000 መዝገቦች ቢኖሩት ፍለጋው ቢበዛ ስንት ንጽጽር ይወስዳል?

መልስ፦ ሀ) 1804 ባይት። ለ) ቅጂው በተጠቃሚው ክልል ጀምሮ በከርነሉ ክልል ሊያልቅ ይችላል፤ ድምሩ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ትንሽ ቁጥር ስለሚሆን ፍተሻው ይታለላል። ሐ) 12፤ ምክንያቱም 2 ለ12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 4096 ይሆናል።